ዱቡሻው ወደ ኔትወርክ አይወርድም

አጵሎስ ከሥራ ገብቶ አልጋው ላይ ከወጣ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ ተኝቷል ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ ጎኑ ተኝቷል፣ ዓይኑ ፈጦ ጣሪያ ላይ ነው፣ ልቡ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ማዶ ተራራ ላይ ያለችው አገሩ ኦቾሎ ነው ያለው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። መጋረጃው ወፍራም ቢሆንም የዚህ አገር ፀሐይ ቀዳዳ አታጣም፤ ሌሊት አውቶቡስ ሲያጥብ አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ከፀሐይ ጋር መደራደር አለበት፣ እሱም አራት ዓመት ተደራድሮ ለምዶታል፣ የዛሬው ጥፋት ግን የፀሐይ አይደለም። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የኦቾሎ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ይቀመጣሉ። ዱቡሻ ያ ድንጋዩ ዙሪያውን የተደረደረበት፣ አያቶቹና የአያቶቹ አያቶች የተቀመጡበት የሸንጎ ሜዳ ነው፤ ዛሬ የሚቀመጡት ለእሱ ነው፣ ለእሱና ለታላቅ ወንድሙ ለካሳ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተኳርፈው ለቆዩት ወንድማማቾች። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቴም ሳይሆን ቀርቷል። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ሀብተወልድ "ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አንሰበሰብም" ብለዋል፣ ካሳም "ዛሬ ካልሆነ ወንድም የለኝም ብዬ መስቀልን እቀበላለሁ" ብሏል። መስቀል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ለጋሞ ሰው ደግሞ መስቀል የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ነውና ተኳርፎ መስቀል መግባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አጵሎስ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ለራሱም ጭምር።

ይህን የሰማ ሰውየው በጭንቀት እንቅልፍ ያጣ ይመስለዋል። የለም፣ ደስ ብሎት ነው፣ ቢያንስ አብዛኛው ደስታ ነው፣ የቀረችውን ጥቂቷን ኋላ እንደርስባታለን። ያለባት የፊንላንድ ከተማ ታምፔሬ ትባላለች፣ በሁለት ሐይቆች መካከል የተቀመጠች፣ እና የመጣ ቀን በአውቶቡስ መስኮት ግራና ቀኙን ውሃ ሲያይ ሳቁ ነው የመጣው፣ እንዴ፣ ከአባያና ከጫሞ መካከል ተነስቼ እግዜር ዞር ዞር አድርጎ ሌላ ሁለት ሐይቅ መሃል ጣለኝ፣ ልዩነቱ እዚህ አዞም ሙዝም የለ። በሞቃቱ ወራት ሰዓቱ እንኳ ከአርባ ምንጭ ጋር እኩል ነው፣ በደቂቃ አይበላለጥም፤ እዚያ የሴቻ ሰፈር ቢሮዎች ለምሳ ሲዘጉ እሱ ሻይ ይጥዳል፣ በሲቀላ ሰፈር ባጃጆቹ ሲጯጯሁ እሱ ለሥራ ጫማውን ያስራል፣ እና ይህች እኩልነት ስንቱን ቀን አሳልፋዋለች። ሥራውንም ይወደዋል። የታጠበ አውቶቡስ መብራት ሥር ሲያበራ ደስ ይለዋል፤ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ቃሉ የማይገባውን የፊንላንድ ዘፈን አብሮ ያንጎራጉራል፣ ማንም ዝም በል አይለውም።

የደስታው ምክንያት ግን ወለቴ ናት። ወለቴ የካሳ ሚስት ናት፣ ሲቀላ ገበያ ሙዝና የደጋ አፕል ትሸጣለች፣ ወንድማማቾቹ ሲኳረፉ "እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም" ብላ መሃል የቀረች ሴት። ስትደውልለት ሁልጊዜ ከሲቀላ ነበር፣ ኔትወርክ ካለበት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ስክሪኑ ሲበራ ከኋላዋ የቀርከሃው አጥር ታየ፣ የእንሰቱ ቅጠል ታየ፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል የአባያ ቀይ ውሃ ታየ፣ ምስሉ ሳይቆራረጥ፣ ሳይደበዝዝ፣ እና ወለቴ ስልኩን እያዞረች ዶሮዎቹን ሳይቀር አሳየችው።

"አየህ? ደጃፌ ላይ ቆሜ ነው የማወራህ! ኦቾሎ ነኝ! መጣ!"

"ማን መጣ?"

"ኔትወርኩ ነዋ! ረቡዕ ዕለት አንድ ሰውዬ መጥቶ ምሰሶው ላይ ወጣ፣ ነካ ነካ አደረገና ወረደ። በቃ። ለዚህች ነው አስራ ዘጠኝ ወር?"

አዎ፣ ለዚህች ነው አስራ ዘጠኝ ወር። የስልክ ኩባንያው "ውድ ደንበኛችን፣ አካባቢዎ በቅርቡ ወደ ፈጣኑ ኔትወርክ ይሸጋገራል" የሚል መልእክት ከላከ አስራ ዘጠኝ ወር። መጀመሪያ መኪና መጣና ብረት አራገፈ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ መኪና መጣና ከምሰሶው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ቀለም ቀባ፣ ክረምት ገባና መንገዱ አያስገባም ተባለ፣ ክረምት ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ባትሪው ገና ወደብ ነው ተባለ፣ ባትሪው መጣ፣ ነጫጭ ሣጥኖች ምሰሶው ጫፍ ላይ ተሰቀሉ፣ ሕዝቡ ሊያጨበጭብ ሲል ሠራተኞቹ መሰላላቸውን አጥፈው ሄዱ፤ የሚሰቅለው ሌላ፣ የሚያበራው ሌላ፣ የሚያበራው ተራው ሲደርስ ይመጣል። ደግሞ እኮ ሥራው በተነካ ቁጥር የነበረችውም ቀጭን ኔትወርክ ትሄዳለች፣ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ፣ ከተሻለው በፊት የነበረውን ማጣት የማሻሻሉ ሥራ አካል ነው ይመስል። አጵሎስ "በቅርቡ" የምትለዋን ቃል አሁን የትም ቢሰማት ጥርሱን ያመዋል።

ወለቴ ታዲያ ዝም አላለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሳትዘረጋ በፊት የኩባንያው ሱቅ ትገባለች፣ ቁጥር ትቆርጣለች፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ተራዋ ሲደርስ ነህምያ የሚባል፣ ክራባቱ ዘወትር የተጣመመ፣ ትሁት ሠራተኛ ያስተናግዳታል። የተባባሉትን ለአጵሎስ ስንቴ በስልክ ነግራዋለች፣ እሱም ስንቴ እንደ አዲስ ስቋል፣ አሁንም አልጋው ላይ ብቻውን ይስቃል።

"እናቴ፣ ሲስተሙ ላይ ኦቾሎ ተጠናቋል ነው የሚለው። ይኸው፣ አረንጓዴ ነው።"

"ሲስተሙ ኦቾሎ መጥቶ ያውቃል?"

"ሲስተም እኮ አይመጣም እናቴ።"

"እንግዲያ በምን አወቀ? እኔ ከኦቾሎ ነው የመጣሁት። እኔን ጠይቀኝ።"

ነህምያ ቅሬታዋን መዘገበ፣ ቁጥርም ሰጣት፣ በሳምንቱ ቁጥሯን ይዛ ስትመጣ ቅሬታው ተፈትቷል ተብሎ ተዘግቷል፣ ምክንያቱም ሲስተሙ ላይ ኦቾሎ አረንጓዴ ነው። እንደገና ተመዘገበ፣ እንደገና ተፈታ። ስድስት ጊዜ የተፈታ ችግር ይዤ ቁጭ ብያለሁ አለችው፤ ነህምያ ራሱ አፈረና በመጨረሻ ከራሱ ኪስ ስልክ አውጥቶ፣ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ አዲስ አበባ ያለ አለቃውን ለመነላት።

ሲቀላ ወርዶ መታረቅ አይቻልም ወይ? አጵሎስም ይህንኑ ብሎ ነበር። ሴቻ ሆቴል ሞልቷል፣ አዳራሽ አለ፣ ኔትወርክ እንደ ጉድ ነው፣ ሚኒባስ እኔ እከፍላለሁ። ጋሽ ሀብተወልድ ግን በወለቴ ስልክ መልሳቸውን ላኩለት፣ በዚያ ቀስ ባለ፣ ቃሉን እንደ ሸማ ጥበብ አንድ አንድ በሚያገባ አነጋገራቸው፤ "ልጄ፣ ዱቡሻው ወደ ኔትወርክ አይወርድም። ድንጋዮቹን ነቅለን ሆቴል በረንዳ ላይ እንደርድራቸው? ኔትወርኩ ይውጣ እንጂ።" እሱ ደግሞ መሄድ አይችልም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ እድሳት ላይ ነው፣ ወረቀቱ "በሂደት ላይ" ካለ ስምንት ወር ሆኖታል፣ ያለ ወረቀት ከወጣ መመለሻ የለውም፣ በሂደት ላይና በቅርቡ የአንድ እናት ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። እናም ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ፈቀዱ፣ እነሱም ብዙ ቀን ተከራክረው፤ ስልኩ አጵሎስ ቢኖር በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ እሱም እዚያ ማዶ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይይዛል፣ ሲናገር ተነስቶ ይናገራል፣ ፊቱም ይታያል። ፊቱ ካልታየ የለም። ምክንያቱም ይህ ተራ ኩርፊያ አይደለም፣ ጎሜ አለበት ተብሏል። የካሳ ላም በተከታታይ ሁለቴ ጽንሷን ስትጥል ሽማግሌ ጠየቀ፣ ሽማግሌዎቹም በዚህ ቤት ያልተነገረ በደል አለ፣ ጎሜ ማለት ይኸው ነው፣ የደበቀው ሰው በአፉ እስኪያወጣው ቤቱን አይለቅም አሉ። አፉን ብቻ ሳይሆን ዓይኑን እያየን ነው የምንሰማው አሉ።

በመጀመሪያው ሙከራ ፊቱ መጣና አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። አርባ ሰው ተቀምጦ የከፈተውን አፍ ሩብ ሰዓት ተመለከተ፣ ጋሽ ሀብተወልድ "ይህ ሰው እየተናገረ ነው ወይስ እያዛጋ?" አሉ፣ ዱቡሻው በሳቅ ፈረሰ፣ ካሳ ብቻ አልሳቀም። በሁለተኛው ድምፁ ደረሰ፣ ፊቱ አልደረሰም፤ ካሳ ተነስቶ "ድሮም ድምፁን ነው የሚልክልን" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አጵሎስ በኩባንያው ላይ ጦርነት ከፈተ። ሻይ እየጠጣ ይጽፋል፣ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ይጽፋል፣ በኩባንያው ገጽ ላይ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ከሥሩ የእሱ ጽሑፍ አለ፤ ኦቾሎስ? ስለ አዲስ ዓመት መልካም ምኞት ቢለጥፉ ከሥሩ፣ ኦቾሎስ? አርባ ምንጭ ያሉ ሰዎች ያውቁታል አሁን፣ ተማሪዎች ገና ሳይጽፍ እነሱ ይጽፉለታል። አንድ ቀን ደግሞ የታምፔሬው የስልክ ድርጅት ደብዳቤ ላከለት፣ በወረቀት፣ በፖስታ፤ በሰፈርዎ ማክሰኞ ለሃያ ደቂቃ አገልግሎት ይቋረጣልና ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል። ሃያ ደቂቃ! ሦስቴ አነበበው። ፎቶ አንስቶ ለወለቴ ላከላት፣ ወለቴም ለነህምያ አሳየችው፣ ነህምያ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ "የሚያምር ደብዳቤ ነው" አለ ብቻ።

እና አሁን ያችን የቀረችዋን ጥቂት ነገር መሸሽ አይቻልም፣ አጵሎስም ወደ ግድግዳው ዞሮ ሊሸሻት ሞክሮ አልቻለም። አባታቸው የሞቱ ቀን ካሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ደወለለት፣ ያኔ ሰው ድምፅ የሚያገኘው እዚያ ነበር። አጵሎስ ሥራ ላይ ነው፣ ባልዲው እጁ ላይ ነው፣ "አጵሎስ፣ አባታችን…" ይላል ካሳ፣ ከዚያ መስመሩ ይጠፋል። ይህ እውነት ነው፣ መስመሩ ጠፍቷል። ግን ምን እንደሆነ ገብቶታል። ስልኩን አየው፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ አንድ ጊዜ መንካት ነው የቀረው። አልነካውም። መልሶ ከደወለ ቃሉ ይነገራል፣ ካልደወለ አባቱ ገና አልሞቱም፣ እንዲህ ነው ያሰበው፣ አሰበ ከተባለ። ስልኩን አጠፋው፣ ኪሱ ከተተው፣ ስድስት አውቶቡስ አጠበ። በሦስተኛው ቀን ደወለ፣ አባቱ ተቀብረው ነበር፣ እና ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል፣ "ስደውል ስደውል ኔትወርኩ እምቢ አለኝ" የሚል ነበር። አገር ሁሉ አመነው። የኦቾሎን ኔትወርክ የሚያውቅ እንዴት አያምንም? ያላመነው ካሳ ብቻ ነው፣ "በአባታችን ሞት ቀን ስልክ ዘጋብኝ" ይላል እስከ ዛሬ። አጵሎስም ኔትወርኩን ረገመ፣ ጻፈ፣ ጮኸ፣ ጩኸቱ ሲበዛ የገዛ ውሸቱ እውነት መሰለው፣ ያን ያህል ጊዜ ኔትወርክ አምጡ እያለ የጮኸው ሰው ኔትወርክ ሲመጣ የሚደበቅበት እንደሚያጣ የገባው ትናንት ነው፣ ወለቴ ዶሮዎቹን ስታሳየው። የዶሮዎቹ ላባ ሳይቀር ይታይ ነበር።

ሊናገር ነው ታዲያ? አያውቅም። ኔትወርኩ ነው ቢል ማንም አይከራከረውም፣ ካሳም ለሽማግሌ ክብር ሲል ይሁን ይል ይሆናል፣ እርቁ ይወርዳል፣ ላሟ ግን? ላሟን ተዋት፣ እሱ ራሱስ? ተነሳ። ሣሩ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ከሥራ ሲመለስ ከሕንፃው ግቢ ነው የቆረጠው፣ ሲቆርጥ ዙሪያውን እያየ፣ እዚህ አገር ለሁሉ ነገር ፈቃድ አለና ለአንድ ጭብጥ ሣርም ሳይኖር አይቀርም፣ አንዲት ውሻ ይዘው የወጡ አሮጊት አይተውት አንገታቸውን ነቀነቁለት፣ ጥንቸል አለው ብለው ይሆናል። ታጠበ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ ከወገብ በታች እንደማይታይ እያወቀ ደህናውን ሱሪ ለበሰ፣ ጫማም አደረገ። ዱቡሻ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጠራ።

ወለቴ ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ወደ ኋላ ስትል ሜዳው ተገለጠ፤ ሽማግሌዎቹ በየድንጋያቸው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ጋሽ ሀብተወልድ መሃል፣ ካሳ ፊት ለፊት። ካሳ ሸብቷል። ማንም አልነገረውም። ጺሙ የአባታቸውን ጺም ሆኗል፣ አቀማመጡም የአባታቸው፣ አንዱ ትከሻ ዝቅ ብሎ፣ እና ካሳ በቀጥታ ያየዋል፣ ዓይኑ እርጥብ ሣሩ ላይ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ።

ጋሽ ሀብተወልድ ተነስተው መረቁ። አገሩን፣ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ በሰው አገር ያለውን ሁሉ መረቁ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞሩ።

"አጵሎስ፣ ታየናለህ?"

"አያችኋለሁ ጋሼ።"

"እኛም እናይሃለን። ከስተሃል። እንግዲህ ያን ቀን ምን እንደሆነ ተናገር። የምታውቀውን ብቻ፣ የሆነውን ብቻ።"

አጵሎስ ቆመ። ሣሩን በሁለት እጁ ያዘ። "ጋሼ፣ ያን ቀን ኔትወርኩ…" አለና ቆመ። ቃሉ ምላሱ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነበር፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የለሰለሰ ቃል፣ ወደ ውጭ መግፋት ብቻ ነው የቀረው። ካሳ ግን ያየዋል።

"መስመሩ ተቋረጠ" አለ። "መልሼ ግን አልደወልኩም። ኔትወርኩ እምቢ አላለኝም፣ አንዴም አልሞከርኩም። ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የምትለኝን አውቄው ነበር ካሳ፣ እንዳትለኝ ነው የፈለግኩት። ፈራሁ። ከዚያ ዋሸሁ። አባቴን በውሸት ቀበርኩት።"

ጋሽ ሀብተወልድ አልተንቀሳቀሱም፣ ካሳ አልተንቀሳቀሰም፣ አርባው ሰው እንዳለ ደርቆ ቀረ፣ እና አጵሎስ፣ ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው፤ ኔትወርኩ ቆመ፣ ተቋረጠ፣ አልሰሙኝም፣ እግዜር ይስጥህ ኩባንያ። ወዲያው አንዲት ዶሮ ከግራ ወጥታ፣ መሬቱን እየጫረች፣ ሜዳውን ተሻግራ በቀኝ በኩል ወጣች። ኔትወርኩ ደህና ነው። ሁሉም ሰምተዋል።

ካሳ ተነሳ።

"እኔም የምናገረው አለኝ" አለ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ ስልኩ። "ያን ቀን መስመሩ አልተቋረጠም።"

"እንዴት?" አሉ ጋሽ ሀብተወልድ።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት። አባታችን ስል ልቅሶ አነቀኝ። ብቻውን ነው፣ በሰው አገር ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ሲንሰቀሰቅ አይስማ አልኩና ዘጋሁት። መልሶ ይደውላል፣ እስከዚያ እረጋጋለሁ ብዬ። አባታችን ቤት ውስጥ ተገንዞ እኔ ያ ቋጥኝ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ፣ ስትደውል ኔትወርክ እንዳታጣ ብዬ። አልደወልክም። ሰው ሲጠይቀኝ ዘጋብኝ አልኩ። ቀድሞ የዘጋው ግን እኔ ነኝ።"

ጋሽ ሀብተወልድ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው፣ "እንግዲህ ያን ቀን ኔትወርኩ ደህና ነበር ማለት ነው" አሉ፣ ወለቴ ከዳር ሆና "እኔ ስድስት ጊዜ የከሰስኩት በከንቱ ነው?" ስትል ዱቡሻው በሙሉ ሳቀ፣ አጵሎስም ሳቀ፣ እንባው ሸሚዙ ላይ እየወረደ።

ካሳ አልሳቀም። ወደ ስልኩ ቀረበ፣ ከድንጋዩ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው፣ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው፣ አንድ ነገር ሊል ሲሞክር ያ ሰው እንዲሰማበት ያልፈለገው ልቅሶ መጣ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ በአርባ ሰው ፊት። አጵሎስ ያየዋል፣ ይሰማዋል። ካሳ ያለቅሳል፣ ስልኩን ግን አልዘጋውም።